ከባጃጅ ላይ የማነሳው ሁሉ ለምን ይደበዝዛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ! ጅማ ዩኒቨርሲቲ 2ኛ ዓመት ነኝ፣ ካሜራ ከአጎቴ ልጅ ተውሼ ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ እየዞርኩ ሰፈሮቹን አነሳለሁ፣ ግን ግማሹ ይደበዝዛል ግማሹ ደሞ ነጭ ብሎ ይቃጠላል፣ ገበያ ስገባ ሰው ይቆጣኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ባጃጅ መሄጃ ነው እንጂ ማንሻ አይደለም፣ እኔም ዘግይቶ ነው የገባኝ። ኮብልስቶን ላይ ሲንጥሽ የካሜራው ማረጋጊያ የእጅሽን መንቀጥቀጥ ይቀንስ ይሆናል፣ የባጃጁን ግን አይችለውም። የግድ ካልሽ ሹተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ አድርጊ፣ ክርንሽንም ብረቱ ላይ አታስደግፊ ንዝረቱ የሚመጣው በሱ ነው። ለኔ ግን ወርዶ በእግር መሄድን የሚያክል የለም። ባጃጁን ራሱን ከፈለግሽ አስፋልት ዳር ቆመሽ ሹተሩን 1/30 አድርጊና ሲያልፍ በካሜራው እየተከተልሽው ተጫኚ፣ እሱ ጥርት ይላል ኋላው ይሳባል (ከአስር አንዱ ከተሳካልሽ ጎበዝ ነሽ)።

የሚቃጠለው መቼም 6 ሰዓት ላይ እየወጣሽ ነው፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ቆርቆሮው ሁሉ ያብለጨልጫል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጪ። በተለይ ጅሬን፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ማለቴ ነው፣ ከከተማው በሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባሽ ሆና ጅማን ታበራልሻለች፣ ማታ ከሄድሽ ግን ፊት ለፊት ትወጋሻለች። የቤተ መንግሥቱን የእንጨት ሰገነት ግን ደመና ሲሆን አንሺው፣ ጥላው አያስቸግርሽም።

ገበያው ላይ፣ እውነቱን ልንገርሽ ሰዎቹ አይፈረድባቸውም። እኔ ራሴ አንዴ ሂርማታ ሐሙስ ገበያ ላይ አንዲት ቅቤ ሻጭ እናትን ሳልጠይቅ አንስቼ በኦሮምኛ አጠቡኝ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ፎቶውን አሳጥቤ ወስጄ ሰጠኋቸው፣ ከዛ ወዲህ ስመጣ ራሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ይጠብቁኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ አድርጊና «አካም ጅርቱ» (እንዴት ናችሁ) በይ፣ ቡና ጠጪ፣ ከዛ «ሱራ ካሱ ነን ደንደኣ?» (ፎቶ ማንሳት እችላለሁ?) ብለሽ ጠይቂ፣ እንቢ ካሉሽ እንቢ ነው። ደሞ አንድ ቀን አምስት ሰፈር አትዙሪ፣ ወሩን ሙሉ ፈረንጅ አራዳን ብቻ ወይ የአዌቱን ወንዝ ዳር ብቻ ያዢ፣ ሰው ሲለምድሽ ካሜራውን ይረሳዋል።

ኤርፖርትና ወታደር ያለበት አካባቢ አታውጪው። ካሜራው የሰው ነው ብለሻል፣ የጅማ ዝናብ ደሞ አይታመንም፣ ፌስታል ያዢ።