ትልቅ ማሞቂያ ከመግዛትዎ በፊት ቤቱን ያሳንሱት

ጥያቄ፦ «በግሪን ሃውስ ውስጥ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ አፈላለሁ። ቤቱ 6 በ4 ሜትር ነው፤ ላስቲክ የለበሰ። ሌሊቱ ሲከፋብኝ 2000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስገባሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ይሠራል፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ ችግኙ ግን ወይ ፍንክች! ቅጠሉ ከሥር በኩል ወይን ጠጅ መስሏል። ማሞቂያው አጠገብ ያሉት ደግሞ ዳር ዳራቸው ደርቋል። ማዳበሪያ ብጨምርም ለውጥ የለም። የኤክስቴንሽኑ ስፒናም ይሞቃል። ትልቅ ማሞቂያ ልግዛ? የትኛውን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት «ስፒናም ይሞቃል» የምትለዋ ነገር ከችግኙ ሁሉ በላይ አሳስባኛለች። እባክዎ ዛሬ ማታ ማሞቂያውን በዚያ ኤክስቴንሽን አይሰኩት። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

አሁን ወደ ችግኙ። ደብዳቤዎ ስለ ሙቀት መጠን ምንም አይልም፤ ቴርሞሜትር ያለዎት አልመሰለኝም። ቅጠሎቹ ግን ነግረውኛል። የቲማቲም ቅጠል ከሥር ወይን ጠጅ ሲሆንና እድገቱ ሲቆም፣ ብዙ ጊዜ ሥሩ በርዶታል ማለት ነው። አፈሩ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሥሩ ፎስፈረስ የተባለውን ምግቡን መሳብ ያቅተዋል። ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ተክሉ ግን አያገኘውም። ስለዚህ ማዳበሪያ መጨመሩን ይተዉት፤ ጨው አብዝቶ ሥሩን ይጎዳብዎታል። ዳራቸው የደረቁት ችግኞች ደግሞ ማሞቂያው በቀጥታ በሚነፍሰው ደረቅና ትኩስ አየር የተለበለቡ ናቸው። በአንድ ቤት ውስጥ ጥቂቶቹ እየተቃጠሉ ሌሎቹ እየበረዱ ነው።

ማሞቂያው አነሰ ብለው ገምተዋል። የእኔ ግምት ሌላ ነው፤ ቤቱ ለማሞቂያው ሰፍቷል፣ ላስቲኩም ነጠላ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ነጠላ ላስቲክ ውስጡ ከውጪ በ1 ዲግሪ በበለጠ ቁጥር፣ በየካሬ ሜትሩ ወደ 6 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል። የእርስዎ ቤት ግድግዳው 2 ሜትር ከፍታ ካለው፣ ከጣሪያው ጋር 68 ካሬ ሜትር ያህል ላስቲክ ለብሷል። ይህ ማለት ውስጡን በ1 ዲግሪ ብቻ ከውጪ ለማስበለጥ 400 ዋት ገደማ ይፈልጋል። 2000 ዋቱ ሙሉ ሌሊት ቢሠራ 5 ዲግሪ ብቻ ይጨምርልዎታል። ውጪው 4 ከሆነ ውስጡ 9 ነው። ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ይጎዳሉ፤ ሌሊቱን 13 ቢያገኙ ጥሩ ነው። ማሞቂያው የማያርፈው ለዚህ ነው። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሙቀቱ ሲበቃ ማሞቂያውን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ፣ የታዘዘበት ሙቀት ላይ ደርሶ አያውቅም፣ ስለዚህ አይቆርጥም።

ትልቅ ቢገዙስ? 4000 ዋት በ220 ቮልት መስመር ላይ 18 አምፔር ይስባል። የተለመደው ሶኬት የሚችለው ቢበዛ 16 ነው። ቆጣሪዎ በእጥፍ ይሮጣል፣ መስመርዎም አይችለውም።

ታዲያ የምመክርዎ ይህንን ነው፤ ማሞቂያውን ከማሳደግ ቤቱን ያሳንሱት። ችግኝ ትሪዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሰብስቡና ቤቱን መሃል ላይ በላስቲክ መጋረጃ ለሁለት ይክፈሉት። የሚሞቀው ክፍል 3 በ4 ሜትር ይሆናል። ባዶው ግማሽ በብርድ ቢያድር ማንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ለሞቀው ክፍል ከውጪው ብርድ መከለያ ይሆነዋል።

መጋረጃው ብቻውን ግን አይበቃም። በሚሞቀው ክፍል ግድግዳና ጣሪያ ላይ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ ላስቲክ ይጨምሩ። ቁም ነገሩ ያለው በሁለቱ ላስቲኮች መካከል በሚቀረው አየር ላይ ነው። ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይበቃል። ተጣብቀው ከዋሉ ጥቅሙ ይጠፋል፤ ስለዚህ በቀጭን እንጨት ወይም በተወጠረ ሲባጎ ያራርቋቸው። የዕቃ መጠቅለያ የሆነው ባለ አረፋ ላስቲክ ካገኙ ደግሞ አየሩን በራሱ ስለያዘ በቀጥታ መለጠፍ ይቻላል። የትኛውም ቢሆን ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን። ችግኝ በቂ ብርሃን ካጣ ቢሞቅም ቀጥኖ ይረዝምና ይወድቃል።

ጣሪያው ላይ ሲዘረጉ ትንሽ ተዳፋት ይስጡት። ሌሊት ላይ እርጥበቱ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ውስጠኛው ላስቲክ ረግቦ ከታቆረ ውሃው ትሪው ላይ፣ ከዚያም አልፎ ማሞቂያው ላይ ይንጠባጠባል። ተዳፋት ካለው ግን ወደ ግድግዳው ይወርዳል። የመጋረጃውን የታችኛውን ጫፍ በአፈር ወይም በድንጋይ ይጫኑት፤ ቀዝቃዛ አየር ሾልኮ የሚገባው በዚያ ነው። የበሩን ዙሪያና የተቀደዱ ቦታዎችንም ይድፈኑ። ሻማ ወይም ክብሪት ይዘው ቀዳዳ አይፈልጉ፤ እጅዎን በውሃ አርሰው ቢዞሩ ነፋሱ ራሱ ያሳውቅዎታል።

ይህን ሲያደርጉ ስሌቱ ምን ይሆናል? ድርብ ላስቲክ የሚያወጣው በየካሬ ሜትሩ ወደ 4 ዋት ይወርዳል። በግማሹ ቤት 10 ዲግሪ ለመጨመር የሚያስፈልገው 1600 ዋት ያህል ነው። ያ በእጅዎ ያለው 2000 ዋት ማሞቂያ ይበቃል ማለት ነው፤ እንዲያውም አልፎ አልፎ ያርፋል።

ከትሪዎቹ ሥር ደግሞ ውሃ የሞሉ ጥቁር ጀሪካኖች ይደርድሩ፣ ቀን ፀሐይ እንዲያገኛቸው አድርገው። 20 ሊትር የሚይዙ 10 ጀሪካኖች በሌሊት በ10 ዲግሪ ከቀዘቀዙ ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ይለቃሉ። ማሞቂያዎ ከአንድ ሰዓት በላይ ሠርቶ የሚሰጠው ማለት ነው፣ ያውም ከሥሩ በኩል፣ ችግኙ በጣም በሚፈልገው ቦታ።

ጠዋት ፀሐይ ሲበረታ መጋረጃውን ገልጠው አየር ያስገቡ። ዘግቶ ማዋል እርጥበት ያጠራቅማል፣ ግራጫ ሻጋታም ይከተላል። ችግኙንም የሚያጠጡት ጠዋት ይሁን። ማታ አጠጥቶ ማሞቅ ማለት ኤሌክትሪኩን በከፊል ውሃ ለማትነን ማዋል ነው።

አሁን ወደ ስፒናው ልመለስ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ ልቆጣዎት ነው፤ ደጋግሜ የማየው ልማድ ስለሆነ። ለስልክ ቻርጀርና ለአምፖል በተገዛ ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ 2000 ዋት ይሰካል። ገመዱ ረዘመ ተብሎ እንደተጠቀለለ ይቀመጣል። ማከፋፈያው እርጥብ መሬት ላይ ይጣላል፣ በላዩ ላይ ፓምፕ ይጨመርበታል። ወንድሜም ይሁኑ እህቴ፣ ይህ ቤትዎን ሊያቃጥል፣ እርስዎንም ሊገድል ይችላል። የተጠቀለለ ገመድ የራሱን ሙቀት ማስወጣት አይችልም፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። የሞቀ ስፒና ደግሞ ወይ ግንኙነቱ ላልቷል፣ ወይ ገመዱ ቀጥኗል። ሁለቱም ሌሊት እርስዎ ተኝተው ሳሉ ነው እሳት የሚሆኑት።

ኤሌክትሪሺያን ይጥሩና ከብሬከር ሳጥኑ ለማሞቂያው ብቻ የሚሆን መስመር ያስዘርጉ። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ብሬከሩ 16 አምፔር፣ ግራውንድ ያለው። በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ እርጥብ ነገር ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ይግባበት። ውሃና ኤሌክትሪክ ባንድ ቤት ሲያድሩ ይህ መከላከያ የግድ ነው። ሶኬቱ ከወገብ በላይ ከፍ ይበል፣ ክዳንም ይኑረው። ገንዘብዎን በትልቅ ማሞቂያ ላይ ሳይሆን በዚህ ላይ ያውሉት።

ማሞቂያ የግድ መቀየር ካለብዎት፣ በዋት ረገድ ሁሉም አንድ ናቸው። ውዱም ርካሹም 1000 ዋት ስቦ ያንኑ ያህል ሙቀት ነው የሚሰጠው። የሚለያዩት በጥንካሬና በደኅንነት ነው። ማራገቢያ ያለው፣ አካሉ ብረት የሆነ፣ ቴርሞስታት ያለው፣ ሲግልና ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋ ይምረጡ። የውሃ ፍንጣሪ መቻሉን ለማወቅ አይ ፒ ኤክስ 4 የሚል ምልክት ይፈልጉበት። ሽቦው ቀልቶ የሚታየው የሳሎን ማሞቂያ ለግሪን ሃውስ አይሆንም፤ አንድ ጠብታ ወይም አንድ የወደቀ ቅጠል ይበቃዋል።

ማሞቂያውን በብሎኬት ላይ ከፍ አድርገው፣ ከላስቲኩም ከችግኙም 1 ሜትር አርቀው ያስቀምጡት። የሚነፍሰው ወደ መተላለፊያው ይሁን፣ ወደ ቅጠል አይዞር። መብራት ሲጠፋ ከሰል አስገባለሁ ብለው ደግሞ እንዳያስቡ፤ በተዘጋ ላስቲክ ቤት ውስጥ ከሰሉ የሚያወጣው የማይታይ መርዛማ ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ቲማቲሙንም ይጎዳል። ለዚያች ሌሊት ትሪዎቹን ቀለል ባለ ጨርቅ መሸፈን ይሻላል።

ቴርሞስታቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይመኑት፤ እሱ የሚለካው ራሱ አጠገብ ያለውን አየር ነው። የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት መዝግቦ የሚያሳይ ቴርሞሜትር ገዝተው በችግኙ ከፍታ፣ ከማሞቂያው ነፋስ ራቅ አድርገው ይስቀሉ። ጠዋት 13 አካባቢ ካገኙ ትክክል ነዎት። 18 ካገኙ ገንዘብዎ በከንቱ እየነደደ ነውና ዝቅ ያድርጉት።

ወይን ጠጅ የመሰሉትን ችግኞች አይጣሏቸው። ሥራቸው ሲሞቅ የሚወጣው አዲስ ቅጠል አረንጓዴ ይሆናል፤ የቆየው ግን እንደዚያው ሊቀር ስለሚችል እሱን እያዩ አይስጉ። የተለበለቡትን አንድ በአንድ ይመልከቷቸው። የመሃል እምቡጣቸው ለምለም ከሆነ ያገግማሉ፣ መሃሉ ጠቁሮ ከደረቀ ግን ነቅለው በቦታው አዲስ ዘር ይዝሩ።