ለጌም ኮምፒውተር ራም ስለመምረጥ

ወንድሜ፣ ደሴ ሆነው በራይዘን 7600 ፕሮሰሰር ለሚገጣጥሙት የጌም ኮምፒውተር ባለ 32 ጊጋባይት አንድ ራም ይሻላል ወይስ ባለ 16 ሁለት ብለው ለጠየቁት፣ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱ ጋር በአንድ ጊዜ መረጃ ስለሚቀባበል ያለ ማመንታት ሁለቱን ይውሰዱ እላለሁ። ይህ ፕሮሰሰር ዲዲአር 5 የተባለውን የራም ዓይነት ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የዲዲአር 4 ራም ከታች ያለው ቀዳዳ በሌላ ቦታ ስለሆነ ጨርሶ አይገጥምም፤ ስለዚህ ኮምቦልቻ ድረስ ወርደው የሚገዙ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት በራሙ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። ፍጥነቱ 6000 ቢሆን በቂ ነው።

ማዘርቦርዱ አራት ማስገቢያ ካለው፣ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ አድርገው መያዣው ቀጭ ብሎ እስኪዘጋ ይጫኑት። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብተው ኤክስፖ የሚለውን፣ ማለትም ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ምርጫ፣ ማብራትዎን አደራ፤ እኔ ይህን ባለማወቄ ባለ 6000 ራም ገዝቼ ለወራት በ4800 ስሠራበት ቆይቻለሁ።