መልስ፦ ነዳጅ ስረግጥ ስፒከሩ ያፏጫል ላልከው

ወንድሜ፣ መኪናህ ላይ ያለውን አምፕ (የድምፅ ማጉያውን) አትቀይረው፣ ስፒከሩም ጤነኛ ነው። ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስትነዳ ሞተሩ ሲጮህ ፉጨቱም አብሮ ይቀጥናል ካልክ፣ ድምፁ የሚመጣው ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ ነው። አምፑ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ በማሳው (ከመኪናው ብረት ጋር በሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ) በኩል ነው።

መጀመሪያ የማሳውን ሽቦ ፍታና እየው። ቀለም የተቀባ ላሜራ ላይ ከታሰረ ጉዱ እዚያ ነው፣ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው፣ ሽቦውን አጭር አድርግና በቡሎን ጥብቅ አድርገህ እሰረው። የመቀመጫ ቀበቶ ቡሎን ላይ ግን በፍጹም እንዳታስር፣ እሱ የሰው ነፍስ ነው የያዘው። ከዚያ ከቴፑ ወደ አምፑ የሚሄደውን የድምፅ ገመድ ተመልከት፤ ከባትሪ ከሚመጣው ወፍራም ሽቦ ጋር አብሮ ተጠቅልሎ ከሆነ ለያቸው፣ አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ አሳልፍ።

ከባትሪ ወደ አምፑ የሚሄደው ሽቦ ፊውዝ የለውም ያልከው ግን ከፉጨቱ በላይ አስጨንቆኛል። ዛሬውኑ ባትሪውን ንቀል! 500 ዋት በትክክል የሚያወጣ አምፕ በ12 ቮልት ከ40 አምፔር በላይ ይስባል፣ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ላሜራ ከነካ መኪናው በእሳት ይቃጠላል። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፣ ቢበዛ 45 ሴንቲሜትር ቢርቅ ነው፤ አምፑ ላይ ያለው ፊውዝ መንገድ ላይ ያለውን ሽቦ አያድንም።

ሁለቱን ባለ 4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ስፒከሮች በአንድ መውጫ ላይ ፓራለል፣ ማለትም ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ካሰርካቸው 2 ኦም ይሆናሉ። አምፑ ያን ይችል እንደሆነ ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ አንብበው።