ሃምሳ ልጅ፣ አንድ ድርሰት

ጥያቄ፦ 7ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። «የውሃ ጥቅም» ብዬ በመግቢያ፣ በሐተታና በመደምደሚያ ሳስጽፋቸው ሃምሳውም ድርሰት አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል። «የፈለጋችሁትን ጻፉ» ስላቸው ደግሞ ግማሹ ባዶ ወረቀት ይሰጠኛል፣ የቀረው መያዣ መጨበጫ የለውም። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ መምህር፣ እስቲ መጀመሪያ ርዕሱን ይዩት። «የውሃ ጥቅም» የተባለ ልጅ «ውሃ ለሰው ልጅ እጅግ አስፈላጊ ነው» ከማለት ሌላ ምን ይበል? ሐተታው ላይ ለመጠጥ፣ ለመታጠብ፣ ለመስኖ ይላል፤ መደምደሚያው ላይ ያንኑ ይደግመዋል። «የፈለጋችሁትን» ደግሞ ጭራሽ ዳር የለውም፣ ባዶ ወረቀት ቢመጣ አይፍረዱባቸው። ርዕሱን ያጥብቡና የሚሉትን ለእነሱ ይተዉላቸው። «ውሃ በሌሊት ሲመጣ እናንተ ቤት ማን ይነሳል? መጀመሪያ የሚሞላው ምንድን ነው?» ይበሏቸው። አንዱ ስለ እናቱ፣ አንዷ እንቅልፏን ስለሚያባርረው የጄሪካን ድምፅ፣ ሌላው ከጎረቤት ጋር ስለተነሳው ጭቅጭቅ ይጽፋል።

የቅኔ ቤቱን ያስቡት። ጀማሪው የሚነሳው ጉባኤ ቃና ከሚባለው አጭር የቅኔ ዓይነት ነው፣ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ቅኔው ቤት መምታት አለበት፣ ልኩም መጠበቅ አለበት፤ ግን የተባለ ቅኔ መድገም ነውር ነው። ደግሞ ተማሪው መጀመሪያ ለብቻው ሄዶ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል፣ ከዚያ ነው ለመምህሩ ነግሮ የሚታረመው። ይቺን ቅደም ተከተል በጣም ነው የምወዳት። እኛ ጋ ግን ልጁ ገና እስክሪብቶ ሳያነሳ እርማቱ ይጀምራል፣ ይሄ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ቀዩን እስክሪብቶ ያስቀምጡት። ሀ፣ ሐ እና ኀ ቢምታቱበትም ለዛሬ ይለፉት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ «ሐሳቡ የተቀየረው የት ጋ ነው?» ብለው ራሳቸው መስመር ያስምሩ፣ አንቀጹ እዚያ ጋ ይከፈላል። ኃይለ ቃሉንም፣ የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘውን ዓረፍተ ነገር፣ ከጻፉት ውስጥ ይፈልጉት። መግቢያው መጨረሻ ላይ ቢጻፍ ምንም አይደለም።

ፈተናስ ካሉኝ፣ ሲቃረብ ሦስቱን ክፍሎች ለይተው ያለማምዷቸው፤ ሐሳብ መከፋፈል የለመደ ልጅ ቶሎ ይገባዋል። ባዶ ወረቀት የሚሰጥዎት ልጅ ጋ ግን አሁኑኑ ይሂዱ፣ አጠገቡ ቁጭ ብለው ያስወሩት፣ ከአፉ የወጣችውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይያዙና «በል እሷን ጻፋት» ይበሉት።