መልስ፦ በአሜሪካ «አገር ከዳ» የተባለ ሰው ለፕሬዚዳንትነት መወዳደር ይችላል?

ወንድሜ፣ «ከሃዲ» የተባለ እጩ በዚያው ከምርጫ ይወጣል ወይ ላልከው፦ አይወጣም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 3 ክፍል 3 የአገር ክህደትን ሆን ብሎ አጥብቦታል፤ በአሜሪካ ላይ ጦር ማንሳት፣ ወይም ከጠላት ወግኖ መርዳት፣ በቃ። ለመፍረድም ያንኑ አንድ ድርጊት የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎች፣ አለዚያ በግልጽ ችሎት የተሰጠ የእምነት ቃል ያስፈልጋል። አንዱ የሰኞውን፣ ሌላው የማክሰኞውን ድርጊት ቢመሰክር አይበቃም።

ብዙዎች ይህን የሚያምታቱት ከሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ክፍል 3 ጋር ነው። እሱ ሕገ መንግሥቱን ሊጠብቅ ምሎ ከዚያ ያመፀን ባለሥልጣን ዳግም ሥልጣን እንዳይዝ ይከለክላል። የኮሎራዶ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ክፍል ትራምፕን ከእጩነት ሲያወጣ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማርች 4 ቀን 2024 ውሳኔውን ሻረው፦ ግዛቶች የፌዴራል እጩን በዚህ ክፍል ማገድ አይችሉም፣ ማስፈጸሙ የኮንግረስ ነው። የ35 ዓመት ዕድሜ፣ የ14 ዓመት ነዋሪነትና በትውልድ ዜጋ መሆን ለብቻቸው የሚታዩ የፕሬዚዳንትነት መስፈርቶች ናቸው።