ሰላጣው ውስጥ ትል ላገኘሽው እህቴ

«ከሰላጣ ውስጥ አረንጓዴ ትል ወጣ፤ አቼቶ ውስጥ ብዘፈዝፈው ይበቃል ወይስ ልጣለው?» ብለሻል። አትጣይው። ትሉን አንስተሽ ትጥይዋለሽ፣ አለቀ። እኔን ጉድ የሠራኝ አቼቶው ነው።

1. ሳትከትፊ በፊት እጠቢ። ይሄንንማ ማን ያጣዋል ትይኝ ይሆናል። እኔም አላጣሁትም። ያምና ፍልሰታ ግን እንግዳ ደረሰብኝና ሰላጣውን ጭቃውን ብቻ አራግፌ ከተፍኩት። ከዚያ አቼቶ ያለበት ውሃ ውስጥ ነክሬ በኩራት አቀረብኩ። አቼቶ ባክቴሪያውን ትንሽ ቢቀንስ ነው እንጂ ጃርዲያን፣ አሜባን፣ የወስፋት እንቁላልን አይገድልም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እኔና ሁለቱ ልጆቼ ሆዳችን ተነፋ፤ ግሳታችን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ከሰላጣው ነው ብዬ አልምልም። ግን ሳይታመም የቀረው ባለቤቴ ብቻ ነው፤ እሱ ሰላጣ አይወድም።

2. ከታመምሽ ሰገራ ይታይልኝ በይ። እኛ የሄድንበት ክሊኒክ (ስሙን አልጠራም) ደም ብቻ ወስዶ «ታይፎይድም ታይፈስም አለባችሁ» አለን። ሦስታችንም! «ሰገራ አይታይም?» ብለው «ሐኪሙ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?» አለኝ። የአምስት ቀን መርፌ፣ ለሦስት ሰው። ትንሹ ልጄ እስካሁን ነጭ ጋወን ሲያይ ከኋላዬ ይደበቃል። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ በሰገራ ምርመራ ጃርዲያ ተገኘ፣ ክኒን ወስደን ዳንን። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ድሮ ታይፎይድ ይዞት የነበረውንም ሰው ፖዘቲቭ ሊያሳይ እንደሚችል የነገረችኝ እዚያ ያለችው የላብራቶሪ ልጅ ናት። ያ የክሊኒኩ ሐኪም ይህን አያውቅም ብለሽ ነው?

3. አሁን እንዲህ ነው የማጥበው። ሥሩን ቆርጬ ቅጠሉን አንድ በአንድ እለያለሁ። ጨው ባለበት ውሃ 10 ደቂቃ ስተወው ትሉም፣ ከቅጠሉ ጀርባ የተለጠፉት ጥቃቅን ነፍሳትም ይለቃሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ቅጠል ፊትና ጀርባውን በጣቴ እያሸሁ ከቧንቧ በሚወርድ ውሃ አለቀልቃለሁ። ውሃ በጠፋበት ቀን ሰላጣ የለም። አማቴ «ሕፃን ነው እንዴ የምታጥቢው?» ብለው ስቀውብኝ ነበር። አሁን እሳቸውም እንደኔ ነው የሚያጥቡት፤ ከማን እንደተማሩት ግን አይናገሩም።

4. የት እንደበቀለ ጠይቂ። የአቃቂ ወንዝ የከተማውም የፋብሪካውም ፍሳሽ ይገባበታል፤ በዚያ ውሃ የበቀለ ቅጠል በውስጡ የሳበውን መርዛማ ብረት ብታጥቢው አይለቅም። ጉሊት ላይ ስትጠይቂ ግን ሁሉም «ከዝዋይ ነው» ነው መልሳቸው። እኔ በቃ አንዲት ደንበኛ ይዣለሁ።

በረኪና ጨምሪበት ያለችሽን አትስሚ፤ የቤት ማጽጃውን ስንት ጠብታ እንደምታደርጊ ሳታውቂ ምግብ ላይ አይሆንም። እንግዶችሽ ነገ ከሆኑና ውሃሽ እንደኛ ሰፈር በፈረቃ ከሆነ፣ ሰላጣውን ተዪና ቆስጣ በደንብ አብስይ። ዘንድሮ እኔ እንዲያ ነው ያደረግኩት። አማቴ ድጋሚ አስጨመሩ።