በሰኔና በመስከረም መካከል፦ ለጠያቂዋ መምህርት የተሰጠ መልስ

መምህርት ሆይ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናትዎ በድሬዳዋ ሁለት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን፣ አንዱን ከከዚራ ሰፈር ሌላውን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ሊያወዳድሩ አስበዋል። የማዶው ትምህርት ቤት የሰኔ ውጤት በየዓመቱ ዝቅ ስለሚል የማስተማር ጥራቱ ደካማ ነው ብሎ መደምደም ይቻል እንደሆነ፣ ክረምቱና የልጆቹ የመኖሪያ ቤት ሁኔታስ እንዴት እንደሚለካ ጠይቀዋል። በዚህች ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ ለተመራማሪዎችም በመረጃ ሰብሳቢነት ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ለመጀመሪያው ጥያቄ አጭሩ መልሴ አይቻልም የሚል ነው። ምክንያቱን ግን ራሴ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ጋር ላስረዳ።

የሰኔ ሮስተር (የዓመቱ መጨረሻ የውጤት መዝገብ) የሚነግረን ልጁ የት እንደ ደረሰ ነው እንጂ ከየት እንደ ተነሣ አይደለም። የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ጄምስ ኮልማን የመራውና እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው፣ ከ600,000 በላይ የአሜሪካ ተማሪዎችን ያካተተው ጥናት፣ የውጤት ልዩነት ከትምህርት ቤቶቹ ሀብት ይልቅ ከቤተሰብ ሁኔታ ጋር አብሮ እንደሚሄድ ባሳየ ጊዜ ብዙዎች ትምህርት ቤት ፋይዳ የለውም ማለት ነው ብለው ተረጎሙት። ነገር ግን ልጆቹ የተለኩት አንድ ጊዜ ብቻ ስለነበር ቤቱ የሰጠውንና ትምህርት ቤቱ የጨመረውን መለየት አስቸጋሪ ነበር።

ይህን ለመለየት በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ተመራማሪዎቹ ካርል አሌክሳንደርና ዶሪስ ኤንትዊስል እ.ኤ.አ. በ1982 በ20 ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍል የገቡ 790 ያህል ልጆችን ይዘው እስከ ጎልማሳነታቸው ተከታተሏቸው። ብልሃታቸው ቀላል ነበር። ልጆቹን ዓመቱ ሲጀመርም ሲዘጋም ፈተኗቸው፤ ስለዚህ ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ያለው ጭማሪ የትምህርት ቤቱ፣ ከመዝጊያ እስከ ቀጣዩ መክፈቻ ያለው ደግሞ የዕረፍቱ ወራት ሆኖ ተለየ። በትምህርት ወራት የድሃውም የተሻለ ኑሮ ያለውም ልጅ ጭማሪ ተቀራራቢ ነበር፤ የሚራራቁት በዕረፍቱ ነው። በዘጠነኛ ክፍል ከታየው ልዩነት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በመጀመሪያ ደረጃ ዓመታት ዕረፍቶች ከተጠራቀመው የመጣ መሆኑን ጻፉ። ነገሩን የገለጹትም በቧንቧ ውሃ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ለሁሉም ይፈስሳል፣ ሲዘጋ ይቆማል፤ የድሬዳዋ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ውሃ በመጣ ቀን ሁሉም ጀሪካኑን ይሞላል፤ በጠፋ ሳምንት ግን ሮቶ ያለው ቤትና የሌለው ቤት ይለያያሉ።

እኔም ይህን ሰምቼ በስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ላይ ሞከርኩት። የሰኔን የማጠቃለያ ፈተና ውጤት ያዝኩ፤ መስከረም ላይ ደግሞ አዲስ ፈተና አዘጋጅቼ ሰጠሁ። ውጤቱ ክፉኛ ወርዶ ስላገኘሁት በመምህራን ስብሰባ ላይ ክረምት ልጆቻችንን በላብን ብዬ አቀረብኩ። ከኋላ ተቀምጦ የነበረ፣ ብዙ የማይናገር የሳይንስ መምህር፣ ሁለቱን የጥያቄ ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የመስከረሙ በአብዛኛው የቃላት ፕሮብሌም መሆኑን አሳየኝ። ልኬው የነበረው በከፊል የልጆቹን መርሳት ሳይሆን የራሴን ፈተና ክብደት ነበር። ኋላ ላይ ነው ፖል ቮን ሂፐል የተባለ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በባልቲሞሩ ጥናት ላይ ያቀረበው ትችት ከዚህ ጋር እንደሚመሳሰል የተረዳሁት። ልጆቹ ክፍል ሲቀይሩ የፈተናው ደረጃም አብሮ ስለተቀየረ፣ በዕረፍቱ የታየው መራራቅ በከፊል የመለኪያው ሥራ ሊሆን ይችላል አለ። በተሻለ መለኪያ ሲታይ ደግሞ አብዛኛው ልዩነት ልጆቹ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት የተፈጠረ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ የባልቲሞሩን ግኝት እንደ ተዘጋ ጉዳይ አይጥቀሱት፤ ሁለት ጊዜ የመለካት ዘዴውን ግን ያለ ጥርጥር ይውሰዱ።

በሚቀጥለው ዓመት ሃያ ጥያቄዎችን ለሁለቱም ጊዜ አንድ አድርጌ፣ ቁጥሮቹን ብቻ በመጠኑ ቀይሬ ሰጠሁ። መውረዱ አለ፤ ግን ከቀድሞው በጣም ያነሰ ነበር፤ የወረደውም በክፍልፋይና በረጅም ማካፈል ላይ እንጂ በቃላት ፕሮብሌም ላይ እምብዛም አልነበረም። ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል እንደሚጠፋና ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት የሒሳብ ስሌትና የፊደል አጻጻፍ መሆናቸውን አግኝተው ነበር። ልምምድ የሚፈልገው ነገር ቀድሞ ይዝጋል። ክረምቱን በከፊራ ገበያ ሲሸጡ የከረሙ ሁለት ልጆች ደግሞ በቃል ስሌት ከሰኔው ፈጥነው መጡ፤ ያንኑ በወረቀት እንዲያሳዩ ሲጠየቁ ግን ተቸገሩ። መጠይቅዎ ‹‹በክረምት ምን አጠናህ?›› ብቻ ሳይሆን ‹‹ምን ስትሠራ ዋልክ?›› የሚልም ይኑረው። መድረሳ የሚገባ አለ፤ ቄስ ትምህርት ቤት የሚሄድ አለ፤ ወደ ሐረርጌ ገጠር አያቱ ዘንድ ሄዶ አፋን ኦሮሞው ዳብሮ የሚመለስ አለ።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ፤ ትልቁን ስሕተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነውና። ሰኔ ላይ ከፈተንኳቸው ልጆች ዘጠኙ መስከረም ላይ አልነበሩም። እኔም ከዝርዝሩ አውጥቼ የቀሩትን ብቻ አሰላሁ። ከወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት (ወተመህ) ሰብሳቢያችን ጋር ስናጣራ አብዛኞቹ የሄዱት አከራይ ኪራይ ጨምሮባቸው ወይም ክፍሉን ለዘመዴ እፈልገዋለሁ ተብለው ነው። አንዳንዶቹ ከከተማው ዳር እስካለችው መልካ ጀብዱ ድረስ ወጥተዋል፤ መሸኛ ሳይወስዱ የሄዱም ስለነበሩ አዲሱ ትምህርት ቤት እስኪቀበላቸው ሳምንታት አልፈዋል። ከክረምቱ ይልቅ የጎዳቸው ይህ ነው፤ እኔ ግን ከስሌቴ ያወጣሁት በትክክል እነሱን ነበር። የማዶው ትምህርት ቤት ብዙ ተከራይ ቤተሰብ ካለው በመስከረም የሚቀበላቸው ልጆች በሰኔ ከሸኛቸው የተለዩ ናቸው፤ ታዲያ የማንን ትምህርት ነው የምንለካው?

ስለዚህ የመኖሪያ ቤት ሁኔታ ሲባል የጣሪያና የግድግዳ ጉዳይ ብቻ አድርገው አይያዙት። ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወረሱ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት በቀበሌዎች ሥር ገቡ፤ ዛሬም በቀበሌ ቤት የሚኖር ልጅ ጣሪያው ቢያፈስም አድራሻው በየዓመቱ አይቀየርም። በአንጻሩ በደህና ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየ ቤተሰብ ልጅ ኮርኒስና ሴራሚክ ኖሮት በሁለት ዓመት ሦስት ትምህርት ቤት ሊቀያይር ይችላል። በእኔ ግምት ከቤቱ ዓይነት ይልቅ ‹‹ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ጊዜ ቤት ቀየራችሁ?›› የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይነግርዎታል። ከዚያ ቀጥሎ በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚያድር መጠየቅ ነው፤ በድሬዳዋ ሙቀት አምስት ሰው በሚያድርበት ክፍል ማታ ማጥናት ምን እንደሚመስል እርስዎም ያውቁታል።

ቤት በራሱ ምን ያህል እንደሚያደርግ ለመለየት ተመራማሪዎች ዕጣን ይጠቀማሉ፤ በዕጣ የደረሰውና ያልደረሰው ቤተሰብ በሌላው ሁሉ በአማካይ ተመሳሳይ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1998 በአምስት የአሜሪካ ከተሞች 4,600 ያህል ቤተሰቦች በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ ድህነት ወዳነሰበት ሰፈር ለመዛወር የኪራይ ድጋፍ አግኝተው ነበር። የልጆቹ የፈተና ውጤት ብዙም አልተለወጠም ተባለና ብዙ ሰው ተስፋ ቆረጠ። ከዓመታት በኋላ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ራጅ ቼቲ፣ ናትናኤል ሄንድረንና ሎረንስ ካትስ ገቢያቸውን ሲያዩ ግን ከ13 ዓመት በታች ሳሉ የተዛወሩት በጎልማሳነታቸው 31 በመቶ ያህል የበለጠ እንደሚያገኙ ደረሱበት፤ ከዚያ ዕድሜ በኋላ የተዛወሩት ግን አልተጠቀሙም። በአገራችንም የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ዕጣ በዚሁ መንገድ ተጠንቶ፣ ዕጣ የወጣላቸው ቤተሰቦች ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የመጨረስ ዕድላቸው ከፍ ማለቱ ተጽፏል። እዚያ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ፤ ብዙዎቹ ቤቱን አከራይተውት እንጂ ገብተውበት ስለማይኖሩ ጥቅሙ ከሰፈሩ ሳይሆን ከሀብቱ ሊመጣ ይችላል።

ለእርስዎ ጥናት የሚመች ዕጣ ላይገኝ ይችላል፤ ድንገተኛ መፈናቀል ግን በድሬዳዋ ታይቷል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድልና በሺዎች የሚቆጠሩትን ሲያፈናቅል ትምህርት ቤቶች በክረምት ዕረፍት ላይ ነበሩ። በዚያ መስከረም የገቡትን ልጆች ክረምት ነው ያስረሳቸው ማለት ማንም አይደፍርም። ቤትና ክረምት ተለያይተው የሚለኩ ሁለት ነገሮች እንዳይመስሉዎት ነው ይህን ማንሣቴ፤ በዚህች ከተማ ሰው ቤት የሚቀይረውም በብዛት ትምህርት ሲዘጋ ነው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልጨምር። የመስከረም ፈተናዎን በመጀመሪያው ሳምንት ካደረጉት ግማሹን ልጅ አያገኙትም፤ ከመስቀል ብዙ ካዘገዩት ደግሞ መምህሩ ክለሳ ጨርሶ ያገኙታል፤ ስለዚህ በሁለቱ ትምህርት ቤቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በተመሳሳይ ፈረቃ ይስጡት። የቤት ለቤት መጠይቁን በታኅሣሥ 19 ዙሪያ አያድርጉት፤ ለቁልቢ ገብርኤል ግማሹ ሰፈር ይወጣል፣ ሌላው እንግዳ ይቀበላል። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ የሚማሩትን የንባብ ውጤት በአንድ ሠንጠረዥ አያወዳድሩ። ጥናትዎ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርትን የሚነካ ከሆነ የተመዘገቡትን ሳይሆን የተገኙበትን ቀን ይቁጠሩ። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ባደረገው ጥናት ይበልጥ ተጠቅመው የታዩት 20 ቀንና ከዚያ በላይ የተገኙት ናቸው፤ በእርግጥ ሳይቀር የሚመጣ ልጅ ከመጀመሪያውም የተለየ ቤተሰብ ሊኖረው ይችላልና እዚያም ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ሰኔ ላይ ተፈትነው መስከረም ላይ የጠፉትን ልጆች መዝገብ ቤት ሲጠይቁ መሸኛ አልወሰደም ከማለት ያለፈ መልስ ላያገኙ ይችላሉ። ያን ጊዜ ልጁ ይኖርበት የነበረውን ግቢ ፈልገው ከፊት ለፊቱ ያለውን ሱቅ ይጠይቁ። እኔ ከጠፉብኝ ዘጠኝ ልጆች አምስቱን ያገኘኋቸው በባለሱቆች በኩል ነው፤ የዱቤ ደብተሩ ላይ ስሙ ያለ ቤተሰብ የት እንደ ገባ ባለሱቁ ሳያጣራ አይቀርም።